ስኳሮቹ ዳገቱን ሲወጡ

«ጋሽ ጀይሉ፣ ስኳር አለብዎት» አለች ሲስተር ውብአየሁ፣ የምርመራውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እያኖረች።

ጀይሉ ብድግ አለ። ወንበሩ ጠባብ ስለነበር እሱም አብሮት ብድግ አለ።

«ወላሂ የለኝም!» ብሎ ጮኸ። «ማነው እንዲህ ብሎ የነገረሽ? የሱቅ ጎረቤቴ ሙህሲን ነው አይደል? መጋዘኔ ክፍት ነው፤ ኮሚቴ ይዘሽ ነይና ፈትሺ! አንዲት ኪሎ ካገኘሽ እኔ ወንድ አይደለሁም!»

ሰውየው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ጊዜው 2003 ዓ.ም. ነው፤ ስኳር ከአርባ ምንጭ ሱቆች ድራሹ የጠፋበት፣ ሻይ ቤቶች ሻዩን ከከረሜላ ጋር የሚያቀርቡበት፣ የጅምላ ነጋዴ ሁሉ «ደብቀሃል» እየተባለ በጎሪጥ የሚታይበት ወቅት። ጀይሉ ደግሞ በከተማው ታችኛው ክፍል፣ ሲቀላ ገበያው አጠገብ ዘይት፣ ሳሙና፣ ለስላሳና የታሸገ ውሃ የሚያከፋፍል፣ ስኳርም ሲገኝ የሚያከፋፍል ስሙ የታወቀ ነጋዴ ነው። ከላይ ሴቻ ወዳለው ክሊኒክ የመጣው ውሃ ጥሙ አልቆርጥ፣ ውስጥ እግሩ ማቃጠሉን አልተው ብሎት ነው። ፍተሻው እዚህ ድረስ ይከተለኛል ብሎ አላሰበም።

ሲስተር ውብአየሁ ግድግዳውን ተደግፋ እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ ከወገቡ አላቀቀችለት።

«መጋዘን ውስጥ አይደለም ጋሽ ጀይሉ። ደምዎ ውስጥ ነው።»

«ደሜ ውስጥ? ማን አስገባው?»

«እርስዎ ራስዎ ነዎታ! በየሻዩ አራት አራት ማንኪያ እያሉ።»

 ከተማው ከረሜላ እየመጠጠ ሻይ ሲጠጣ እሱ ቤት አራት ማንኪያ እንደሚጨመር እንዴት እንዳወቀች ጀይሉን ግራ ገባው። ነገሩን ማስፋቱ እንደማይበጀው ግን ወዲያው ተረዳ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

መድኃኒት አዘዘችለት። ጣፋጭ ከለከለችው። ጮማም እንዲቀንስ ነገረችው። ይህን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ። የመጨረሻው ትእዛዝ ላይ ሲደርሱ ግን ነገር ተበላሸ።

«በየቀኑ ማለዳ በእግርዎ ይሄዳሉ» አለችው።

«የት?»

«የትም።»

«የትም ማለት የት ነው?»

«ለምሳሌ ቤትዎ ሲቀላ አይደለም? ከዚያ ተነሥተው ሴቻ ድረስ ይወጣሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ።»

«ምን ላመጣ?»

«ምንም።»

«ምንም ላላመጣ ያን ሁሉ ዳገት?»

ሲስተር ውብአየሁ የጨንቻ ልጅ ናት። ቀጥ ያለ ተራራ ላይ ስላደገች ሲቀላንና ሴቻን የሚያገናኘው ዳገት ለእሷ ሜዳ ነው። ስለዚህ የሰውየው ሐዘን አልገባትም። ጀይሉ ግን እውነተኛ ምክንያት ነበረው። ጎረምሳ ሆኖ ከስልጤ አገር ወደዚህ ሲመጣ ያለው ሀብት አንድ ጆንያ ነበር፤ ውስጡ መርፌ፣ ማበጠሪያ፣ መስታወትና ጨው። ያንን ተሸክሞ ካምባ ገበያ ወርዷል፤ የጋሞን ደጋ በዝናብ ወጥቷል፤ ጫማው አልቆ በጎማ ጠቅልሎ ሄዷል። የመጀመሪያዋን ሱቅ የከፈተ ዕለት በሩ ላይ ቆሞ ለእግሮቹ ቃል ገባላቸው። «ከእንግዲህ አርፋችሁ ተቀመጡ» አላቸው። ቃሉንም ጠብቋል። ቤቱና ሱቁ በዓይን ይተያያሉ፤ እሱ ግን በባጃጅ ነው የሚመላለሰው። ባጃጇ ጀይሉን ስትጭን ወደ አንድ ጎን ስለምታዘም ሾፌሮቹ ሲያዩዋት «ጀይሉ ወደ ሱቁ እየሄደ ነው» ይባባላሉ።

ሆኖም ሞት አለና በማግስቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ፣ ቆዳ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ገና ከሲቀላ አደባባይ ሳይርቅ የመጀመሪያው ሚኒባስ አጠገቡ ቆመ። ሾፌሩ ገብረ ማርያም ነው፤ በዚያ መስመር ጸጉሩ የሸበተ ሰው።

«ጋሽ ጀይሉ፣ ይግቡ።»

«አይ፣ ይቅርብኝ። በእግሬ ነው።»

ገብረ ማርያም ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየው። ዐይኑ በሐዘን ቀላ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእርስዎማ በነፃ ነው፤ አይሳቀቁ» አለው።

«ገንዘብ አጥቼ አይደለም!»

«እሱማ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለ ገብረ ማርያም፣ ምንም እንዳላመነ በሚያስታውቅ ልስላሴ። ከዚያም ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት እያየ ጥቂት መንገድ በቀስታ አጀበው። ጀይሉን ላብ አጠመቀው። ግማሹ ከዳገቱ ነው፤ ግማሹ ከእፍረቱ።

ጀይሉ ሴቻ ሳይደርስ ወሬው ሴቻ ደርሶ ወደ ሲቀላ ተመልሷል። መንገድ ዳር እያረፈ፣ እየተነሣ፣ እንደምንም ወጥቶና ወርዶ ቤቱ ሲደርስ ደጁ ላይ የጫማ ክምር ጠበቀው። ሳሎኑ ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ወንዶቹ አቀርቅረው ተቀምጠዋል። ሚስቱ ዙሁራ መሀላቸው ሆና እንደ እሳት ትንቀለቀላለች።

«አብሽር ጀይሉ» አለ አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ እያቀፈው። «አላህ ይተካልሃል።»

«ምኑን?»

«መኪናህ ተገልብጦ ንብረትህ እንዳለ አልቆ የለ?»

ሌላው፣ «እኔ የሰማሁት መጋዘኑ ተቃጥሎ ነው» አለ። ሁለቱ ሰዎች በየትኛው መከራ እንደሚያስተዛዝኑ መከራከር ጀመሩ። የሱቅ ጎረቤቱ ሙህሲን ደግሞ ወደ ጥግ ሳብ አደረገውና «ሱቁን ለባዕድ እንዳትሸጠው፤ እኔ አለሁልህ» ብሎ እጁን ጨብጦ ያዘው፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀውም።

እንግዶቹ ተሸኝተው በሩ ሲዘጋ ዙሁራ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አንተ የሱዓድ አባት፣ እኔ ከሰው ፊት በምን ዐይኔ ልውጣ? ሰው በባዶ እጁ እንደ ቡዳ በጠዋት መንገድ ለመንገድ ይዞራል? የምትሄድ ከሆነ ምክንያት ይዘህ ሂድ! ምክንያት ከሌለህ እዚሁ ግቢ ውስጥ ዙር!»

ጀይሉ ግቢውን ዞረው። ሁለት ዶሮዎችን አስደንግጦ፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ተጠልፎ፣ ተወው። ምክንያት ፍለጋ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ከሱቁ ባዶ ማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ወጣ። መንገዱ ዳር፣ ቦዩ ውስጥ፣ ቁጥቋጦው ሥር የተጣለው ፌስታልና ሰው ሁሉ «ሃይላንድ» የሚለው የውሃ ፕላስቲክ የትየለሌ ነው። እያጎነበሰ ለቀመው። ማንም ቢጠይቀው መልስ አለው፤ «አካባቢ እያጸዳሁ ነው» ሊል ነው።

ማንም አልጠየቀውም። ያን የሚያህል ነጋዴ የነበረ ሰው ፕላስቲክ ለቃሚ መሆኑን ያየ ሁሉ ፊቱን እያዞረ ያልፈዋል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሲቀላ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም፤ ጀይሉ አብዷል።

«መክሰርህ ይሻል ነበር!» አለች ዙሁራ፣ ራሷን በሻሽ ጠፍራ ፍራሽ ላይ ተጋድማ።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሲስተር ውብአየሁ ወደ ሥራ ስትወጣ ዳገቱ መሀል አገኘችው። ጆንያውን መደገፊያ አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እያለከለከ ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገራት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን ፊቷ ኮስተር አለ።

«እርስዎ ብቻዎን ስለሆኑ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ያበደ ይመስላል። ብዙ ሰው ከሆነ ፕሮግራም ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደም ግፊትም ሆነ ስኳር ይዞት ክሊኒክ የሚመጣውን ሁሉ፣ ከመድኃኒቱ ጋር «ነገ ማለዳ ሲቀላ መውጫ ሾላው ሥር» እያለች ታዝ ጀመር። መጀመሪያ ጡረታ የወጣው መምህር ተክለጻድቅ መጣ። ቀጥሎ ሁለት ዳቦ ጋጋሪ ሴቶች መጡ። ቀጥሎ አንድ ሥጋ ሻጭ ከነሽርጡ መጣ። እየተቀባበሉ ጆንያ ይዘው፣ እየለቀሙ፣ እያረፉ፣ በየማረፊያው ስለ በሽታቸው እየተወያዩ ይወጣሉ። የከተማው ሰው ስም ለማውጣት ማን ብሎት! «ስኳሮቹ» አላቸው። «ስኳሮቹ መጡ፣ መንገድ ልቀቁ» ይላሉ ባጃጆቹ። በዚያ ዓመት ከተማው ውስጥ በነፃ የሚታይ ስኳር እነሱ ብቻ ነበሩ።

ችግሩ የተነሣው ሲስተር ውብአየሁ የስፖርት ልብስ ይለበስ ስትል ነው። ጀይሉ በሸሚዝና በቆዳ ጫማ መሄዱን አልወደደችውም። ከገበያው ሁሉ ተፈልጎ አንድ ሰማያዊ ቱታ ተገኘለት። ሲገባበት አስር ሰው ያስፈልጋል የሚያሰኝ ነበር፤ ዙሁራ በአንድ በኩል፣ ልጁ ሱዓድ በሌላ በኩል ሆነው ጎትተው አስገቡት። መራመድ ይቻላል። መቀመጥ አይቻልም።

ሴቻ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ሲስተር ውብአየሁ እንደ ልማዷ፣ «አሁን ጎንበስ ብለን የእግራችንን ጣት እንነካለን። አንድ፣ ሁለት…» አለች። ጀይሉ የእግሩን ጣቶች ካያቸው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሊነካቸው ይቅርና። ሆኖም ታዛዥ ሰው ነውና ጎንበስ አለ። ቱታው ከኋላ በኩል፣ ከወገብ እስከ ጉልበት፣ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ረጅም ድምፅ አሰማ።

መንገዱ ዳር የጥጥ ጋቢና ነጠላ ዘርግቶ የሚሸጥ የዶርዜ ሸማኔ ነበር፤ ኦይታ ይባላል። ሲሳቅ አየ፤ ዞር ብሎ ደግሞ ሰውየውን አየ። አንድም ቃል ሳይናገር አዲሱን ጋቢ አንሥቶ መጥቶ ጀይሉን ከወገቡ ጠመጠመው። ከዚያ የተቀደደውን ጨርቅ በጣቱ መዘን መዘን አድርጎ፣ «ይሄን ሱሪ የለካው አንተን አላየም» አለ። «እኔ አይቼሃለሁ። ቅዳሜ ና።»

ቅዳሜ ጀይሉ ሄደ። የጠበቀው ዱንጉዛ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዥንጉርጉር ሆኖ የተሸመነ፣ ሰፊ፣ ከጉልበት በታች የሚደርስ የጋሞ ሱሪ። እግሩን ሲያስገባ ማንም መጎተት አላስፈለገውም። አየር በወዲህ ይገባል፤ በወዲያ ይወጣል። ቁጢጥ አለ። ተነሣ። እንደገና ቁጢጥ አለ። ሳያስበው ፈገግ አለ።

«ምንም አልተቀደደም!» አለ።

«አንተ ትቀደዳለህ እንጂ እሱ አይቀደድም» አለ ኦይታ።

በሱሪው ሰበብ ኦይታም ማለዳ ማለዳ ይቀላቀላቸው ጀመር። በሽታ የለበትም፤ በሥራው ምክንያት መቀመጫው ላይ ተተክሎ ስለሚውል ወገቡ ይደነዝዘዋል። አንድ ቀን ሲስተር ውብአየሁ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» ስትል ሲሰማ ቆየና ትዕግሥቱ አለቀ።

«ሲስተር፣ ይሄ ቁጥር መች ነው ወደ ሦስት የሚሄደው?» አለ። «እንደዚህ አይደለም። እኛ አገር በማስቃላ፣ በመስቀል በዓላችን፣ እንዴት እንደሚዘለል አሳይሃለሁ።»

አማርኛው ሴትና ወንድ ላይ ብዙ አይጨነቅም፤ ሲስተርም ለምዳዋለች። ኦይታ በጋሞኛ ድምፁን አውጥቶ ዘፈኑን ጀመረ። የደጋ ሰዎች ነበሩና ከስኳሮቹ ግማሾቹ ሳይታዘዙ ተቀበሉት። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ በአንድ ላይ ወደ ላይ፣ በአንድ ላይ ወደ ታች። ጀይሉ ዳር ቆሞ አመነታ።

«ኦይታ፣ ይሄ የእናንተ የበዓል ጭፈራ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ።»

«ሆድህ የየትኛው ሃይማኖት ነው? እሱን ይዘህ ዝለል!»

ጀይሉ ዘለለ። ከመሬት የተነሣው የአንድ መዳፍ ያህል ቢሆን ነው፤ ሲያርፍ ግን ሁሉም ተሰማቸው። ሥጋ ሻጩ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ጀይሉም ሳቀ። ያን ቀን እንደ መሬት ከብዶት የኖረው ገላው ለጥቂት ደቂቃ የራሱ ሆነለት፤ ያንን ጆንያ ተሸክሞ ደጋውን ሲወጣ የነበረውን ጎረምሳ ከብዙ ዘመን በኋላ ያገኘው መሰለው። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእነሱ እጅ ወጣ። ጭፈራው ሲሰማ ጤነኛውም መምጣት ጀመረ። ወጣቶቹ ዱንጉዛውን አይተው እኛም እንልበስ አሉ፤ ኦይታ ዘመዶቹን ከዶርዜ ድረስ አስጠርቶ ትእዛዝ ያካፍል ጀመር። በአቅራቢያው ያለው የላንቴ መንደር ሴቶች ደግሞ ሰው ከሮጠ በኋላ እንደሚርበው ገብቷቸው ሙዝ በዘንቢል ይዘው ዳገቱ አናት ላይ ይሰለፋሉ። ለጀይሉ የሚፈቀድለት ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ማን እንደሚበላለት በየቀኑ ክርክር አለ።

እንዲህ ሲሆን አቶ ጌታነህ መጡ። ከአንድ ጽሕፈት ቤት ናቸው፤ ባለ ክራቫት፣ ድምፀ መልካም ሰው። ነገሩን ሰምተው እጅግ ተደስተዋል። «ይህንን ተሞክሮ እናስፋው!» አሉ። ቀን ተቆረጠ፤ ባነር ተሰቀለ፤ ዳገቱ አናት ላይ ወንበር ተደረደረ፤ ድምፅ ማጉያ ከሴቻ መጣ። ጀይሉንም ለብቻው ጠርተው፣ «ውሃውን በእርስዎ በኩል ብናደርገው?» አሉት። ጀይሉ ደረቱን ነፍቶ አንድ ሙሉ አይሱዙ የታሸገ ውሃ ላከ። በዓሉ ላይ ስሙ ሲጠራ ዙሁራ እንድትሰማለት ፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን «የእብዶች ሰርግ» ብላ አልመጣችም።

ያን እሑድ የከተማው ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አቶ ጌታነህ ንግግራቸውን ጀመሩ። ስፖርት ለጤና ያለውን ጥቅም ዘረዘሩ። ለአካባቢ ያለውን ዘረዘሩ። ለባህል ያለውን እየዘረዘሩ ሳለ፣ ከመንገዱ ዳር ገደል በታች ካለው ጫካ ዝንጀሮዎች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ሕዝቡ ፊቱን ወደ ንግግሩ፣ ጀርባውን ወደ ሙዙ አድርጎ ነበር።

መሪያቸው፣ ጋማው እንደ ካባ የወረደ ትልቅ ወንድ፣ በወንበሮቹ መሀል እንደ ተጋባዥ ተረጋግቶ አለፈ። አንድ ባዶ የቀረ የክብር እንግዳ ወንበር ነበር። ተቀመጠበት። አቶ ጌታነህ ቀና ሲሉ ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ።

«…እና የአገር ውስጥ ገበያ…» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልቻሉም።

አንዷ የላንቴ ሴት ጮኸች። ዝንጀሮዎቹም የመነሻ ፊሽካ የተነፋ ይመስል ዘንቢሎቹ ላይ ወረዱ። ሕዝቡ ሮጠ። ሊሮጥ የመጣው ሮጠ፤ ሊያይ የመጣውም ሮጠ፤ ሕይወታቸውን ሙሉ ሮጠው የማያውቁ አሮጊቶች ወጣቶቹን ቀደሙ። ጀይሉ ዛፍ ላይ ልወጣ ብሎ ኦይታ በዱንጉዛው ይዞ አወረደው። አቶ ጌታነህ ማይክሮፎኑን እንደያዙ፣ ገመዱን እየጎተቱ፣ ሴቻ ገቡ። በኋላ በጻፉት ሪፖርት «ሁሉም ተሳታፊ ያለ አንዳች ማቋረጥ ሮጧል» ብለዋል ተብሎ ይወራል። ውሸት አይባልም።

ዝንጀሮዎቹ ጠግበው ሄዱ። ሕዝቡም ወደ ቤቱ ገባ። ሳቁ ሲበርድ ስኳሮቹ ብቻ ቀሩ። ያኔ ነው ጀይሉ ቁልቁል የተመለከተው።

ዳገቱ ነጥቷል። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫካው ድረስ፣ በቦዩ፣ በቁጥቋጦው፣ በድንጋዩ ሁሉ የውሃ ፕላስቲክ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጎንበስ ቀና እያሉ ከለቀሙት ይበልጣል። ሁሉም ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉም ከእሱ መጋዘን የወጣ።

ኦይታ አንዱን አንሥቶ አየው። «ጀይሉ፣ ይሄ ሁሉ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

 ቢሰድቡት ይቀለው ነበር። ሲስተር ውብአየሁ ጆንያ ዘርግታ አንዱን ጫፍ ሰጠችው። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ፀሐይ እየጠበሳቸው ለቀሙ። ጀይሉ እያንዳንዱን ባነሣ ቁጥር ፊቱ ይቀላል። አንድ ቦታ ላይ ኦይታ መቆም አቃተውና፣ «አንተን ማልበስም የኔ ሥራ፣ ያንተን ቆሻሻ ማንሣትም የኔ ሥራ!» ብሎ ሲቀመጥ ግን ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ጀይሉም የሆዱ መንቀጥቀጥ ጆንያውን እስኪያስጥለው ድረስ ሳቀ።

ነጋዴ ነውና በንግድ መንገድ አሰበበት። ውሃ መሸጥ አላቆመም፤ ዋሽቶም አቆማለሁ አላለም። ዕቃ ከአዲስ አበባ የሚያመጣለት አይሱዙ ግን ሲመለስ ባዶውን ነበር። ከዚያ በኋላ የተለቀመውን ፕላስቲክ ጭኖ ለሚገዙ ፋብሪካዎች ማድረስ ጀመረ። በሚገኘው ገንዘብ ችግኝ ይገዛል፤ ስኳሮቹ ክረምት ሲገባ ዳገቱ ላይ የሺፈራው ዛፍና ማንጎ ይተክላሉ። ለማለዳው ቡድን ደግሞ የታሸገ ውሃ ቀረ። በምትኩ ዳቦ ጋጋሪዎቹ የደጋ ገብስ በሶ በጄሪካን በጥብጠው ይመጣሉ፤ ሰው ጣሳውን ከቤቱ ይዞ ይወጣል። ሲስተር ውብአየሁ የጀይሉን ጣሳ ማር እንዳይገባበት እየቆመች ትጠብቃለች። ገብረ ማርያም ሳይቀር፣ ተሳፋሪዬን ቀማችሁኝ ብሎ ለሳምንታት ካኮረፈ በኋላ፣ ጆንያዎቹን በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጭኖ ያወርድላቸው ጀመር።

ያልተሸነፈችው ዙሁራ ነበረች። አሁን የምታፍርበት ነገር ጠፍቶ ሌላ ነገር ያብከነክናት ጀመር። ባሏ ቀልሏል፤ ፊቱ ጠርቷል፤ ማለዳ ከቤት ሲወጣ ያፏጫል። አንድ ጎረቤቷ ደግሞ፣ «ትናንት ከሲስተር ጎን ሆኖ ሲዘል አየሁት፤ እንዴት ያምርበታል!» ብላ ጨመረችላት።

በማግስቱ ዙሁራ ዣንጥላዋን ይዛ ወጣች። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆቹ ማደያው ላይ ተሰልፈዋል። ተናዳለችና አልጠበቀችም፤ በእግሯ ዳገቱን ተያያዘችው። አናቱ ላይ ስትደርስ ስኳሮቹ በጭፈራው መሀል ነበሩ። ጀይሉ አያትና ኦይታ ጀርባ ተደበቀ። ኦይታ ቀጭን ሰው ስለሆነ በሁለቱም በኩል ይታያል።

ዙሁራ አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ አጠራት። ሲስተር ውብአየሁ ፈጠን ብላ የደም ግፊት መለኪያዋን አምጥታ ክንዷ ላይ ጠመጠመችባት። 

«ወይዘሮ ዙሁራ፣ ደምዎ የወጣት ነው! ስንት ቦታ አረፉ?»

«ምን እረፍት አለ? ተናድጄ እኮ ነው የወጣሁት!»

«ምንም ሳያርፉ? ጋሽ ጀይሉ እኮ እስካሁን ሳያርፉ ወጥተው አያውቁም!»

ዙሁራ ወደ ባሏ ዞረች። ንዴቱ ከፊቷ ላይ እየለቀቀ፣ በምትኩ ሌላ ነገር እየሞላው ሄደ፤ ጀይሉ በትዳራቸው ዘመን ያንን ፊት ያየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በክርክር ስትረታው።

«እስካሁን?» አለች።

በነጋታው ከሶላት መልስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ጫማዋን አስራ፣ ነጠላዋን አደግድጋ። ኦይታ ለእሷም ጥለቱ ዱንጉዛ የሆነ ሰፊ ቀሚስ ሠራላት። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሴቶቹን በአንድ ወገን ሰብስባ ፊት ፊት መምራት ያዘች። የሚያርፍ ሰው አትወድም።

የሚቀጥሉት ዓመታት እንዲህ ሄዱ። የጀይሉ ስኳር አልጠፋም፤ ሲስተር ውብአየሁ ግን ወረቀቱን ስታየው ቅንድቧን ማንሣት ትታለች። በ2011 ዓ.ም. በየከተማው በየወሩ አንድ እሑድ መንገድ ለእግረኛ ይለቀቅ ሲባል፣ የሲቀላና የሴቻ መንገድ ከዳር እስከ ዳር በሰው ሞላ። ኦይታ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ዱንጉዛ ሁሉ በዓይኑ ይመረምራል፤ ከእሱ ቤት የወጣውንና ያልወጣውን በጠርዙ ይለያል። ጀይሉ አጠገቡ ሊያርፍ ቁጭ ሲል ከላይ ከመታጠፊያው የዙሁራ ድምፅ ወረደ።

«የሱዓድ አባት! ተቀመጥክ እንዴ?»

«ኦይታን እያነጋገርኩት ነው!»

«እየሄድክ አነጋግረው!»

ኦይታ ጀይሉን አየው፤ ጀይሉ ኦይታን አየው። ሁለቱም ተነሡ።